«በሁለት ቀን አዲስ ይሆናል» ለተባለው የእንጨት ዳሽቦርድ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ያየሁት አንድ ጽሑፍ አለ። የድሮ ስፖርት መኪና የእንጨት ዳሽቦርድ ቤታችሁ ሆናችሁ በቅዳሜና እሁድ እንዴት አዲስ እንደምታደርጉት ነው ሚያስረዳው፣ ምሳሌ ያደረገውም የእንግሊዙን ትራያምፍ ቲአር6 ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ዳሽቦርዱ ድፍን የዎልነት እንጨት ስለሆነ አትፍሩ፤ ጌጆቹን (መለኪያዎቹን) ሳትፈቱ በስኮች ሸፍኑ፤ በሳንደር ማሽንና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ባዶው እንጨት እስኪወጣ ላጡት፤ ፀሐይ ያነጣውን በጥቁር ቡኒ ስቴይን (የእንጨት ማቅለሚያ) አጥቁሩ፤ የፈለጋችሁትን ቨርኒሽ ወፈር አድርጋችሁ እስኪያብረቀርቅ ደራርቡ፤ ያበጠ ወይ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ጣሉትና አዲስ ግዙ፤ እሁድ ማታ መኪናውን ንዱ።

እኔ እንጀራዬ ይሄው ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ የድሮ የቤት ዕቃና የመኪና እንጨት ነው ማድሰው፣ ስለዚ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይሄን አንብቦ ዛሬ ሳንደር ሚያነሳ ሰው ነገ ሊመልሰው ማይችለውን ነገር ነው ሚያጠፋው። ጸሐፊው ሰው እንዲሞክር ለማደፋፈር ብሎ እንደጻፈው ይገባኛል፣ ሰው በእጁ እንዲሰራ እኔም እፈልጋለሁ። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት፦ መውረድ ያለበት ያረጀው ቨርኒሽ ብቻ ነው፣ ከእንጨቱ የፀጉር ያህል እንኳ መጉደል የለበትም። ጽሑፉ ላይ ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይሄን ካለማየት የመጡ ናቸው።

«ድፍን ዎልነት ነው» ከሚለው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እዚ ላይ ነው የቆመው። ቲአር6 ከ1968 መጨረሻ እስከ 1976 (እንደ ፈረንጆቹ፣ ሌሎቹም ዓመቶች እንደዛው) ኮቨንትሪ ውስጥ የተሰራ፣ ከ90 ሺህ በላይ ወጥቶ አብዛኛው ወደ አሜሪካ የተላከ መኪና ነው። በዛን ያህል ብዛት ሚወጣ መኪና ላይ ድፍን ዎልነት ሚያስቀምጥ ፋብሪካ የለም፣ ቢያስቀምጥም ደሞ ድፍን እንጨት በሙቀትና በእርጥበት ስለሚጣመም እንዲህ ሰፊና በቀዳዳ የተሞላ ነገር ላይ አይመረጥም። ዳሽቦርዱ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ፊቱ ላይ ስስ የዎልነት ቅጠል ተለጥፎበት። ቬኒር ሚባለው ያ ቅጠል ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ቢያልፍም በትንሹ ነው ሚያልፈው። ማመን ካልፈለጋችሁ አንድ ጌጅ ፍቱና የቀዳዳውን ጠርዝ በመብራት ተመልከቱት፣ የኮምፔንሳቶው ንብርብሮች አንዱ በቁም አንዱ በአግድም ሲሄዱ ይታያችኋል፣ ከሁሉም በላይ ደሞ እንደ ወረቀት ጠርዝ የቀጠነች ቡኒ መስመር አለች። መኪናው ላይ ያለው ዎልነት በሙሉ ያቺ መስመር ናት።

በነገራችን ላይ ጽሑፉ «የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሁሉ እንጨት ነበረው» ይላል፣ እሱም ልክ አይደለም። ጃጓር ኢ-ታይፕ ከፋብሪካ የእንጨት ዳሽቦርድ ኖሮት አያውቅም። የራሱ የጃጓር ኤክስኬ120 ላይ ዎልነት ቬኒር የነበራቸው ኩፔዎቹ ናቸው፣ ቋሚ ጣሪያ ያለውም ታጣፊ ጣሪያ ያለውም፣ ክፍቱ ሮድስተር በቆዳ የተሸፈነ ነበር። ራሱ ትራያምፍ ቲአር4 ሲጀምር ዳሽቦርዱ ቀለም የተቀባ ብረት ነበር፣ እንጨቱ መደበኛ ዕቃ የሆነው በ1965ቱ ቲአር4ኤ ነው። ይሄን ማወቁ ገንዘብ ያድናል፣ ኢ-ታይፕ ላይ እንጨት ካያችሁ ከፋብሪካ የመጣ መስሏችሁ እሱን ለማደስ ገንዘብ አታውጡ።

አሁን ወደ ሳንደሩ። በ80 ቁጥር ወረቀት ሚሽከረከር ማሽን ግማሽ ሚሊሜትር ላይ ስታስቀምጡ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አይፈልግም። መሀሉ ላይ እድለኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ጠርዝና ቀዳዳ ዙሪያ ላይ ግን ማሽኑ ወደ ውጭ ዘንበል ስለሚል እዛው በሰከንዶች ውስጥ ይበላዋል። አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ የቲአር6 ዳሽቦርድ አለ፣ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ጋ ሰጥቶት የነበረ። የጓንት ሳጥኑ ክዳን የቀኝ የላይኛው ጥግ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው የገረጣ ቦታ ነበረው፣ የሌላው እንጨት መስመር ወደ ጎን ሲሄድ እዛ ቦታ ላይ ግን መስመሩ ወደ ታች ይሄዳል፣ ማለትም ዎልነቱ አልቆ የኮምፔንሳቶው ቀጣይ ንብርብር ነው ፊት ለፊት ሚያያችሁ። ሰውየው ይሄን ለመሸፈን ስቴይን ደፍቶበታል፣ ያ ንብርብር ደሞ ስቴይኑን ከዎልነቱ የበለጠ ስለጠጣው ጥቁር እድፍ ሆኖ ቀርቷል። ቨርኒሽ ከላይ ሲቀባ እድፉ ጠፋ ሳይሆን ጎልቶ ወጣ።

እንደዚ ያለው ጉዳት በቀለም አይድንም። እኔ ያደረግኩት በቦታው ላይ የቅጠል ቅርጽ ያለው፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ቁራጭ ቬኒር ቆርጬ መስመሩን ከዳር ዳር አስማምቼ መትከል ነው። ካሬ ቁራጭ አይሆንም፣ እንጨቱን በአግድም ሚያቋርጥ ቀጥ ያለ መስመር ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፣ የሾለው ግን በእንጨቱ መስመር ውስጥ ይጠፋል። ሥራው አምሮ ወጣ፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ሄደ፣ ግን ያ ጥግ ከእንግዲህ የፋብሪካው አይደለም፣ ያንን ደሞ ማንም አይመልሰውም።

ታዲያ ቨርኒሹ በምን ይውረድ? መጀመሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። መኪናው ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ በመሀል ማን ምን እንደቀባው አይታወቅም፣ ስለዚ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ጌጅ ሸፍኖት የነበረ ጠርዝ ላይ፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ሞክሩት። በአልኮል ከተጣበቀና ከለሰለሰ ሼላክ ሚባለው በአልኮል ሚሟሟ ቨርኒሽ ነው። አልኮል ካልነካው ላከር ቲነር ሞክሩ፣ በሱ ከቀለጠ ላከር ነው። ሁለቱም ምንም ካላደረጉት ፖሊዩሪቴን ወይ ሌላ በኬሚካል የጠነከረ ነገር ነው ማለት ነው፣ ለሱ ጄል የሆነ የቀለም ማውረጃ ያስፈልጋል። ጄሉን ቀብታችሁ በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ጊዜ ስጡት፣ ሲነሳ ጥጎቹን ባለሰለሳችሁት የፕላስቲክ መፋቂያ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ አውርዱት። ውሃ አታፍስሱበት፣ ኮላው ስር ከገባ ቬኒሩ ያብጣል። ሂት ገንም (ሙቅ አየር ሚነፋ ማሽን) አታስጠጉ፣ ቨርኒሹን ሲያነሳ ቬኒሩንም አብሮ ነው ሚያነሳው።

እዚ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ጽሑፉ «የድሮውን ጠንካራ ማውረጃ ፈልጉ፣ የአሁኑ አይሰራም» ይላል። የድሮው ማለት ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ የከለከለው ሰው ስለገደለ ነው፣ በተለይ ጠባብ ቦታ ውስጥ የመታጠቢያ ገንዳ ሲያድሱ በጢሱ የሞቱ ሠራተኞች አሉ። ጋራዥ ዘግቶ በሱ መሥራት ማለት ያንኑ መድገም ነው። የአሁኑ በቤንዚል አልኮል ሚሰራው ቀርፋፋ ነው፣ አዎ፣ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ግን ይሰራል። ማታ ቀብታችሁ ጠዋት ብትመጡ ምን ትጎዳላችሁ?

ከዛ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ካስፈለገ 220 ከዛ 320፣ በእጅ፣ ጠፍጣፋ ቡሽ ላይ ጠቅልላችሁ፣ በመስመሩ አቅጣጫ ብቻ። ጥቂት ምት በቂ ነው። የእንጨቱ ጥቃቅን የተፈጥሮ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭ ነገር መታየቱን ሲያቆም እናንተም አቁሙ።

«ጌጆቹን ሳትፈቱ በስኮች ሸፍኑ» ሚለው ደሞ ሁለት ጊዜ ያበላሻል። አንደኛ ቨርኒሹ በጌጁ ቀለበትና በእንጨቱ መሀል ድልድይ ይሠራል፣ በኋላ ጌጁ የተነቀለ ቀን ያ ድልድይ ሲሰበር ቬኒሩን ይዞ ነው ሚሰበረው። ሁለተኛ ደሞ ቀለበቱ ስር ያለው የድሮ ቨርኒሽ እዛው ይቀራል፣ ውሃና እርጥበት ገብቶ ማንሳት ሚጀምረውም ከዛው ጠርዝ ነው። ስለዚ ሁሉም ይፈታ።

ግን አፈታቱን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ጽሑፉ ይሄን አንድ መስመር እንኳ አልጻፈለትም። ከሁሉ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ ይሄ ለጥንቃቄ ያህል ተብሎ ሚጻፍ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቲአር6ዎች አምፔር መለኪያ አላቸው (የኋለኞቹ ላይ በቮልት መለኪያ ተተክቷል)፣ ወደሱ ሚሄዱት ወፍራም ቡኒ ሽቦዎች ከባትሪው በቀጥታ ሚመጡ ናቸው፣ ቁልፍ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አላቸው፣ ፊውዝም የላቸውም። ካቻቢቴ አንሸራቷችሁ ያንን ሽቦ ብረት ካስነካችሁ ሽቦው ራሱ ቀልቶ ይቃጠላል፣ ከሽቦው ጋር አብሮ የታሰረውም ሁሉ። ቀጥሎ የፍጥነት መለኪያውና የሞተር ዙር መለኪያው ሁለቱም በኬብል ነው ሚሰሩት፣ ከኋላ ያለውን ዳዶ በእጅ ፈትታችሁ ኬብሉን ሳታጥፉ አውጡ። የዘይት ግፊት መለኪያው ደሞ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ የሞተሩ ዘይት ራሱ በቀጭን ቱቦ እስከ ጌጁ ድረስ ይመጣል፣ ጨርቅ ሳታነጥፉ ከፈታችሁት ዘይቱ ምንጣፉ ላይና ባዶ እንጨት ላይ ይፈሳል፣ ዘይት የጠጣ ቬኒር ላይ ደሞ ቨርኒሽ አይይዝም። የማብሪያዎቹን እጀታ በጉልበት አትጎትቱ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ፈልጉ፣ ውስጧ ያለችውን ፒን በቀጭን ሽቦ ስትጫኗት እጀታው ራሱ ይወጣል።

ጽሑፉ ጥሩ ያለው ነገር ቢኖር «ሽቦዎቹን ፎቶ አንሱ» ሚለው ነው፣ እሱን ሁላችሁም አድርጉት። እኔ ስኮች ላይ ቁጥር ጽፌ ሽቦው ላይ እለጥፋለሁ፣ ፎቶ ላይ የድሮ ሽቦ ቀለም ስለደበዘዘ አረንጓዴና ቡኒው አይለይም።

ስቴይኑን በተመለከተ፣ ጸሐፊው ፀሐይ እንጨቱን እንዳነጣው ማየቱ ልክ ነው። ዎልነት ከብዙ እንጨቶች የተለየ ነው፣ ቼሪን የመሰለው በብርሃን ሲጠቁር ዎልነት ግን እየገረጣ ነው ሚሄደው፣ ለዛ ነው ጌጅ ስታነሱ ከስሩ የጠቆረ ክብ ሚወጣው። ግን መድኃኒቱ ጥቁር ስቴይን አይደለም። አንደኛ ቨርኒሹን ራሱን እርጅና ቢጫ ስላደረገው ግማሹ መገርጣት ሚመስለው ነገር ከቨርኒሹ ነው፣ ሲወርድ እንጨቱ ከጠበቃችሁት ይሻላል። ሁለተኛ ባዶ እንጨት መልኩን አያሳይም፣ አኳራጅ በጨርቅ ነክታችሁ ጥረጉትና ሳይደርቅ ተመልከቱ፣ ከቨርኒሽ በኋላ ሚኖረው ቀለም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ይሄን ያየ ሰው ስቴይኑን ራሱ ይተወዋል። የግድ ማመሳሰል ካስፈለገ ቀለሙን በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በቀጭን የሼላክ ሽፋን ውስጥ በጣም አቅጥናችሁ አስገቡት፣ ካልወደዳችሁት በአልኮል ይወርዳል፣ እንጨቱ ውስጥ የገባ ስቴይን ግን መቼም አይወጣም። ቪቴዎቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር እድፍ ሌላ ነገር ነው፣ ብረት ከእንጨቱ ታኒን ጋር በእርጥበት ሲገናኝ ሚፈጠር ነው፣ እሱን ኦክሳሊክ አሲድ ያነጣዋል። ጓንት አድርጉ፣ እድፉ ላይ ብቻ በብሩሽ ንኩት፣ ከዛ በረጠበ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉት።

«የፈለጋችሁትን ቨርኒሽ ደራርቡ» ሚለው ላይ ረዘም ያለ ነገር አለኝ። መኪና ውስጥ ያለ እንጨት እንደ ሳሎን ጠረጴዛ አይኖርም። በ2018 የወጣ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት በበጋ ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆሙ መኪኖችን ለክቶ የዳሽቦርዱ ሙቀት በአማካይ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደደረሰ አግኝቷል፣ ከመቀመጫውም ከመሪውም የበለጠ ሚሞቀው ዳሽቦርዱ ነው። ያ ለምን ይጠቅመናል? ሼላክ እዛ ሙቀት አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ ስለዚ ከስር እንደ ማሸጊያ ግሩም ነው፣ የላይኛው ሽፋን መሆን ግን አይችልም። የድሮው ናይትሮሴሉሎስ ላከር ደሞ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ፀጉር ፀጉር ያህል ይሰነጠቃል፣ እኛ አካባቢ ክረምት በረዶ ነው፣ ሐምሌ ደሞ እሳት፣ እዛ ስንጥቅ ውስጥ ነው ውሃ ሚገባው። አልትራቫዮሌት ሚከላከል ነገር ያለበት፣ ትንሽ መተጣጠፍ ሚችል የጀልባ ቨርኒሽ ለኔ የተሻለው ነው። በቀጭኑ፣ በጨርቅም ሆነ በጥሩ ብሩሽ፣ እያንዳንዱ ሽፋን በደንብ ደርቆ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከተነካ በኋላ ሌላው ይከተል። ወፍራም ሽፋን ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ሲሞቅ የጌጁ ቀለበት እዛ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ማብረቅረቁም ቢሆን የፋብሪካው አይደለም። ቲአር6 ሲወጣ ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ያለ፣ ሳቲን ሚባለው ነበር። መስታወት ሚመስል ዳሽቦርድ ጣሪያ በሌለው መኪና ውስጥ ፀሐዩን ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል፣ እያንዳንዱ አቧራና ጭረት ደሞ ይታይበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ የስሮቹን ሽፋኖች በአንጸባራቂው ሥሩ፣ የመጨረሻውን ብቻ በሳቲን። ሳቲን ላይ ሳቲን ከደረባችሁ ሚያደበዝዘው ዱቄት ተጠራቅሞ እንጨቱ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ጀርባውንና የቀዳዳዎቹን ጠርዝ ደሞ አትርሱ፣ እርጥበት ሚገባው ካልተቀባው በኩል ነው። ብዙ ሰው ፊቱን አሳምሮ ጀርባውን ባዶ ይተወዋል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቬኒሩ ከጠርዙ ይነሳል።

ስለ ቱ-ኬ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ ሚረጭ ሽፋን) ርጭት ጽሑፉ «በጨርቅ ማስክ ይበቃል» ብሏል። አይበቃም! ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት አለ፣ ሳንባን ዕድሜ ልክ ሚይዝ አስም ያመጣል፣ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ በትንሽ መጠን እንኳ ይቀሰቅሰዋል። ባለሙያዎቹ በቱቦ ከውጭ አየር ሚያስገባ ማስክ ለብሰው ነው ሚረጩት። ያ ከሌላችሁ አትርጩ፣ ቀለም ቤት ውሰዱት፣ እንጨቱን አዘጋጅታችሁ ማስረጨት ምንም ነውር የለውም።

በዓመት አንዴ ተልባ ዘይት ቀቡበት ሚለው ቨርኒሽ ላይ ምንም ጥቅም የለውም፣ ዘይቱ ሚገባበት የለም፣ ላዩ ላይ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል። ይልቅ ከሱ ጋር ሚመጣውን አደጋ መናገር ነበረበት፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ እየሞቀ ራሱ ይነዳል፣ ክብሪት አያስፈልገውም። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክደኑት።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው አንድ ነገር አለ፣ እሱም ዳሽቦርድ ማብረቅረቂያ ስፕሬይ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ባለቤቶቹ ያንን ሲረጩ ከኖሩ ሲሊኮን እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። አዲስ ቨርኒሽ ስትቀቡ ክብ ክብ ጉድጓድ እየሆነ ይሸሻል፣ በብሩሽ ብትመልሱትም ተመልሶ ይከፈታል። ቨርኒሹ መጥፎ መስሏችሁ ሱቅ አትመላለሱ። ከመቀባታችሁ በፊት በአኳራጅ ጨርቅ እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ ጥረጉ፣ ከዛ ሰም የወጣለት ሼላክ አንድ ቀጭን ሽፋን ስጡት፣ ሲሊኮኑን ከስር ይቆልፈዋል፣ ቨርኒሹም በሰላም ይቀመጣል።

ያበጠውን ጣሉት ለተባለው፣ እባካችሁ አትጣሉ። ያበጠ ቬኒር ሚድን ነው። በስለታም ቢላ በመስመሩ አቅጣጫ ትንሽ ሰንጥቃችሁ ኮላውን በሲሪንጅ ከስር አስገቡ፣ በጣት ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ትርፉን አውጡና ጥረጉ፣ የሰም ወረቀት ከላይ፣ ጠፍጣፋ እንጨት በሱ ላይ፣ ከዛ በሞርሳ እስከ ማግስቱ። የኮላው ምርጫ ወሳኝ ነው፣ ተራው ነጭ ኮላም ሆነ ኮንታክት ሲሚንት ከላይ ባልኩት ሙቀት ይለሰልሳሉ፣ ቬኒሩ ተንሸራቶ መገጣጠሚያው ይከፈታል። በዱቄት መጥቶ በውሃ ሚበጠበጠው የዩሪያ ሙጫ ሙቀቱን ይችላል። ዳሽቦርዱ ከመሀል ተሰብሮ ወይ ኮምፔንሳቶው በስብሶ ከሆነ ብቻ ነው አዲስ መግዛት ሚመጣው፣ ያኔም አሮጌው ለቀዳዳዎቹ ልክ መውሰጃ ስለሚሆን ይቀመጥ።

ሁለት ቀን ላለው፣ ማድረቁ ብቻ ከዛ ይበልጣል። የዘይት ቨርኒሽ በእጅ ሲነካ ደረቅ መስሎ ውስጡ ለሳምንታት እየጠነከረ ነው ሚቆየው፣ እኔ ቢያንስ ወር ሳይሞላው ጌጅ አልመልስበትም። በዛ መሀል የጌጆቹን መስታወት አጽዱ፣ አምፖል ቀይሩ፣ የዘይቱን ቱቦ ማሸጊያ ቀለበት ቀይሩ፣ ጊዜው አይባክንም።

ስትመልሱ ደሞ ጥቁሮቹን ሽቦዎች ቁጠሩ። እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ስለዚ እያንዳንዱ ጌጅ የራሱ የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው ብረት ሚመልሰው) አለው፣ የብረት ዳሽቦርድ የለመደ መካኒክ ይሄን ይረሳዋል። ባትሪውን አስራችሁ ቁልፍ ስትከፍቱ የቤንዚንና የሙቀት መለኪያው ሁለቱም አብረው ከልክ በላይ ከወጡ ጌጆቹን አትጠርጥሩ፣ ለሁለቱም 10 ቮልት ሚያድለው ትንሹ ቆርቆሮ ሣጥን ማሳው አልተያዘም ማለት ነው፣ ቁልፉን ወዲያው ዝጉና እሱን አጥብቁ።